አማቴ ምጽዋ ላይ የሰሙት

አማቴ ተወልደው ያደጉት ምጽዋ ነው። አባታቸው በወደቡ አሮጌ ሰፈር የጨርቅና የቴምር ነጋዴ ነበሩ። አማቴ ግን ወደብ ላይ በጸሐፊነት የሚሠራ የአዲስ አበባ ልጅ ወደዱ። አባታቸው ክርስቲያን አታገቢም ቢሏቸውም አግብተውት አብረው መጡ። የካ ሚካኤል ተጠመቁ፣ ባሌን ወለዱ፣ የአባታቸውን ወሬ ሳይሰሙም አረጁ። ስለ አገራቸው ስንጠይቃቸው፣ ይሞቃል ከማለት ሌላ አይናገሩም ነበር።

ወደ አስመራ በረራ ሲከፈት ባሌ እናቴን እንውሰዳት አለኝ። መጀመሪያ ጉልበቴን ያመኛል አሉ። ከሳምንት በኋላ ግን፣ ካራ ያለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ፣ ሻንጣቸውን ራሳቸው ሲያዘጋጁ አገኘኋቸው።

አስመራ አድረን በአውቶቡስ ቁልቁል ወረድን። ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ ጋቢያቸውን፣ ቀጥሎም ሹራባቸውን አውልቀው ጭኔ ላይ ከመሩት። ምጽዋ ስንደርስ ማንንም አልጠየቁም። ከባሕር ድንጋይ በተሠሩት ቤቶች መካከል፣ ጦርነት ያፈረሳቸውን እያለፉ፣ ጠባቧን መንገድ ይዘው ሄዱና የተቀረጸ የእንጨት በር ፊት ቆሙ። የአባታቸው ቤት ነው፤ ሰገነቱ ተንዷል።

ከጎረቤት አንዲት አሮጊት ብቅ ብለው የማን ልጅ እንደሆኑ ጠየቋቸው። አማቴ የአባታቸውን ስም ሲጠሩ ሴትዮዋ እጃቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው አስገቡን። ሁለቱ በዓረብኛ ወሬ ጀመሩ። ባሌ እናቱ በዚህ ቋንቋ ሲናገሩ ሰምቶ አያውቅም። ምንጣፉ ላይ፣ እግራቸው ሥር ተቀምጦ፣ እንደ ሕፃን አፍ አፋቸውን ያያል። ምን እያሉ ነው ይለኛል፤ እኔስ በምን አውቄ።

በመሃል አማቴ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ባሌ ደንግጦ ምን ሆንሽ አላቸው።

«አባቴ ተቀይሞኝ አልሞተም» አሉት። «ሰገነት ያለውን ክፍል ለማንም አላከራየም። ልጄ ልጆቿን ይዛ ስትመጣ ታርፍበታለች ይል ነበር አለችኝ።»

ባሌ ራሱን ጉልበታቸው ላይ አሳረፈ። ሴትዮዋ ቀስ ብለው ተነሥተው ውሃ አመጡልን።

በማግስቱ አማቴ ሌላ ሰው ሆኑ። ከባሕሩ ማዶ ቴምርና ጨርቅ ጭነው የሚመጡት፣ ቆዳና ጨው ይዘው የሚመለሱት ጀልባዎች የት ይቆሙ እንደነበር፣ ሉል የት ይመዘን እንደነበር እየዞሩ አሳዩን። ከአዲስ አበባ ለጉብኝት የመጡ ባልና ሚስት ደርሰው ብንከተላችሁ ቅር ይላችኋል ወይ አሉን፤ ቀኑን ሙሉ ከእኛ ጋር ዋሉ። ምሳ ላይ፣ ተሰንጥቆ በሸክላ ምድጃ የተጋገረ ዓሣ ቀረበልን። አማቴ እሾሁን እያወጡ ሁላችንንም አጎረሱን፣ እንግዶቹንም ጭምር።

ከተመለስን ወዲህ እሑድ እሑድ እንጦጦ ፓርክ ስንወጣ አማቴ ምጽዋ ላሉት አሮጊት ይደውላሉ። እንዴት እንደሚበርዳቸው ይነግሯቸዋል፤ ሴትዮዋ አያምኗቸውም። ከዚያ ስልኩን ለባሌ ይሰጡታል። እሱም ያጠናትን የዓረብኛ ሰላምታ ሁልጊዜ አሳስቶ ይናገራል፣ ሁለቱ አሮጊቶችም ይስቁበታል።