ድንጋይ የማይገባበት ቤት

ይህ ነገር መጻፍ ይገባው እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። የጠላ ቤት ወሬ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚያነሳው ጉዳይ ላይመስል ይችላል። ዳሩ ግን ባለፈው ቅዳሜ የዶርም ጓደኞቼ ከድራፍት ቤት ተመልሰው፣ ጠላ ቤቶቹ ስለተዘጉ ደብረ ማርቆስ ሠለጠነች ሲሉ ዝም ብዬ መስማት አቃተኝ።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ አባቴና ታላቅ ወንድሙ አያ ስማቸው በእርሻ ድንበር ተጣልተው ነበር። ጥፋቱ የአባቴ ነው፤ ሮብ ገበያ አጠገብ ባለው ማሳቸው የወንድሙን ድርሻ ገፍቶ አርሷል። አያቴ ታማ ተኝታ ነበርና የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጆቿ ታርቀው ከአንድ ገበታ ሲቆርሱ አይታ መሞት።

ሽማግሌዎቹ ቀን ቆረጡ። ቦታው እንደ ልማዳቸው ደብረ ማርቆስ ከተማ ያለው የእትዬ ጥሩወርቅ ጠላ ቤት ነበር። እዚያ ሁሉም የሚቀመጠው ግድግዳውን ተከትሎ በተሠራው አንድ መደብ ላይ ነው፤ የተጣላም የተስማማም ጎን ለጎን። በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ሲገባ እትዬ መቅዳታቸውን ያቆማሉ፣ ጠጪው ሁሉ ብድግ ይላል፤ "ይቅር ለእግዜር" እስኪባል ድረስ አንድ ጣሳ አይነሳም። የጌሾው ሽታ ዛሬም ከአፍንጫዬ አልጠፋም።

ቀኑ ሲደርስ ግን አከራያቸው እትዬን አስወጥቶ ቤቱን ድራፍት ቤት አድርጎት ነበር። ሽማግሌዎቹ ያን ሁሉ ጭቃ አቋርጠው መጥተዋል፣ ሌላ ቤት አያውቁም። እዚያው ገብተው አያ ስማቸውን ፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው።

እኔ ከአባቴ ኋላ ነበርኩ። ድንጋዩን በማጅራቱ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ በሩ ላይ ሲደርስ ጥበቃው እጁን ዘረጋ።

"አባት፣ ድንጋይ ይዞ መግባት ክልክል ነው።"

"የእርቅ ነው፣ ልጄ።"

"የምንም ይሁን። እዚህ ጠርሙስ አለ፣ መስታወት አለ። እዚያ ጋ ያስቀምጡትና ይፈተሹ።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወጥተው ጥበቃውን ለመኑት። ሙዚቃው እንዲቀነስም አስተናጋጇን ለመኑ፤ ባለቤቱ አይፈቅድም አለች። በዚህ መሐል በረንዳው ላይ የተቀመጡ ወጣቶች ስልካቸውን አውጥተው መቅረጽ ጀመሩ። አንደኛው "ጋሼ፣ ጂም ነው እንዴ የሚሠሩት?" ሲለው ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ።

አባቴ ድንጋዩን ቀስ ብሎ አወረደው። አያ ስማቸው ከውስጥ ያዩት ይህንኑ ብቻ ነበር፤ ወንድማቸው እደጃፉ ደርሶ፣ ድንጋዩን ጥሎ፣ ጀርባውን ሲያዞር። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ቢያስረዷቸውም ልባቸው አልተመለሰም።

"ለእናታችን ሲል መሳቂያ ቢሆን ምን ነበረበት?" ብለው ወጡ።

በጥበቃው አልፈርድም፤ የታዘዘውን ሠራ። የሚያናድደኝ ይህን ሥልጣኔ የሚሉት ናቸው። ጠላ ቤት ሰካራም አልነበረበትም አልልም፣ ነበረበት። ነገር ግን ሰው አንገቱን ሲደፋ ተነስቶ የሚቆምለት ጠጪም ነበረበት። ዛሬ ሁሉም በየጠረጴዛው የየራሱን ጠርሙስ ደርድሮ ኳስ ያያል። ታዲያ የተጣሉ ሰዎች የት ሄደው ይታረቁ?

ከዚያ ወዲያ ሽማግሌ አልተቀመጠም። አባቴና አያ ስማቸው የተቃቀፉት እናታቸው በተቀበረችበት ዕለት፣ ገና ባልደረቀው አፈር አጠገብ ቆመው ነው፤ ጥር 12 ቀን፣ በቃና ዘገሊላ።