እናቴ እግሬን ይዛ ባሕር የገባችበት ጠዋት

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ውስጥ ከእናቴ ጋር የምንሠራበት የጨርቅ ሱቅ አለን። ሽቲ፣ ሻሽ፣ የሙሽራ ልብስ እንሸጣለን። ቤተሰባችን የድሬዳዋ ነው፤ ዕቃ ለማምጣት ስንመላለስ ነው የኖርነው። ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ከአንዱ ጉዞ ስመለስ፣ ካሚዮኖች በሚቆሙበት የከተማዋ መግቢያ፣ ፔካ 12 ላይ፣ ውኃ ልገዛ ከአውቶቡስ ወረድኩ። ወደ ኋላ የሚመጣውን ካሚዮን አላየሁትም፤ ሾፌሩም እኔን አላየኝም። ቀኝ እግሬ ከጉልበቴ በታች ተቆረጠ።

ከዚያ በኋላ ስለነበሩት ወራት ብዙ አላወራም። ሰው ሠራሽ እግር ተሠራልኝ፣ መራመድ እንደገና ተማርኩ፣ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። እናቴ ግን እግሩን ሰው እንዲያይብኝ አትፈልግም ነበር። ቀሚሴን መሬት የሚጠርግ አድርጋ ታሰፋልኛለች፤ ደንበኛ ሲገባ ከባንኮኒው ጀርባ እንድቀመጥ በዓይኗ ትጠቅሰኛለች። ሳነክስ ያየ ሰው ከጠየቀ «ወለም ብሏት ነው» ትላለች። ወለምታ ይህን ያህል ዓመት ይቆያል ወይ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ይህን ያስቆመችው አንዲት የወሎ ልጅ ናት። ሆዳን ሰፈር ውስጥ ሰው ቤት እያደረች ትሠራለች፤ ዕረፍቷ ዓርብ ነው። አንድ ዓርብ ለእህቷ የምትልከው ሻሽ ልትገዛ መጣች። ላወርድላት ስነሳ አረማመዴን አየችና፣

«እግርሽ ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ።

እናቴ አፏን ሳትከፍት ቀደምኳት። «ተቆርጦ ነው። ይሄ ሰው ሠራሽ ነው።»

«ጉልበቱስ?»

«ጉልበቱ የራሴ ነው።»

ሻሹን እያገላበጠች ትንሽ አሰበች። «እኔ ትምህርት ቤት እያለሁ እሮጥ ነበር» አለች። «እዚህ አገር ግን ብቻዬን መሮጥ ያሳፍረኛል። አብረሽኝ ብትወጪ ደስ ይለኝ ነበር።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። በሚቀጥለው ዓርብ ፀሐይ ሳትከር መጥታ በሩን አንኳኳች።

እንዲህ ተጀመረ። መጀመሪያ ባሕር ዳር በእርምጃ፣ ከዚያ በሶምሶማ። ሙቀቱ ሲበረታ ላቡ ሰው ሠራሹ እግር ውስጥ ይጠራቀምና እግሩ መንሸራተት ይጀምራል። ያኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አወልቀዋለሁ፣ ከሥሩ የማደርገውን የሲሊኮን ካልሲ ገልብጬ ላቡን አፈሳለሁ፣ አደርቃለሁ፣ መልሼ አጠልቃለሁ። እሷ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ ስለ አሠሪዎቿ ቤት ወሬ ታወራልኛለች።

ዋና የእኔ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እችላለሁ፤ እሷ ግን ውኃ ከቁርጭምጭሚቷ ሲያልፍ ትጮኻለች። እግሬን እሷ ዘንድ ትቼ እገባለሁ። መጀመሪያ ሰሞን በአንድ እግር ስለምመታ ሳላውቀው ወደ ጎን እዞር ነበር፤ ወደ ጀልባዎቹ እየዋኘሁ መስሎኝ ቀና ስል ባሕር ዳር ያለውን መስጊድ ፊት ለፊት አገኘዋለሁ። ቀስ በቀስ በእጆቼ ማቃናት ለመድኩ። የአሠሪዋ ባል የማይነዳው ብስክሌት ደግሞ ነበር፤ ተፈቀደልንና እሱንም ተለማመድኩ።

ስለ ውድድሩ የነገረችን አሠሪዋ ናት። የከተማዋ ዋናተኞችና ብስክሌት ነጂዎች ተሰባስበው የሚያዘጋጁት ትንሽ ትራያትሎን ነው፤ ዋና፣ ብስክሌት፣ ሩጫ በተከታታይ። ጓደኛዬ ያለ እኔ ፈቃድ «አለን» ብላ መልሳ ነበር።

ወሬው እናቴ ጆሮ የደረሰው እራት ላይ ነው። ጓደኛዬ ብስክሌቱ ዘንድ ስለምትጠብቀኝ፣ እኔ ስዋኝ እግሬን የሚይዝልኝ ሰው ጠፍቶ እየተነጋገርን ነበር።

«አንዱ አስተባባሪ ይይዝልሻል» አለች ጓደኛዬ።

እናቴ ሩዙን ማንሳቷን አቆመች። «ባዕድ ሰው የልጄን እግር ይዞ ሲቆም አላይም» አለች። «እኔ እይዘዋለሁ።»

በዕለቱ ጥቁር ሻርፕ ይዛ መጣች። እግሬን አውልቄ ስሰጣት በሻርፑ ጠቅልላ እንደተኛ ሕፃን አቀፈችው፤ ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። በጠዋት መጀመር ነበረብን፤ ግን የአጃቢው ጀልባ ሞተር እምቢ አለ። ሞተሩ እስኪነሳ ስንጠብቅ ባሕሩ ወደ ኋላ መሸሽ ጀመረ። ጅቡቲ የኖረ ያውቀዋል፤ ውኃው ሲሸሽ ሩቅ ነው የሚሸሸው፣ ከኋላው ጭቃ ብቻ ይቀራል።

ዋናው መልካም ነበር። ቀጥ ብዬ ሄድኩ፣ ቢጫውን ተንሳፋፊ ኳስ ዞርኩ፣ ተመለስኩ። ከዚያ እጄ ጭቃ ነካ። ቀና ስል የብሱ ገና ሩቅ ነው። ሌሎቹ ተነሥተው እየተራገጡ ወጡ። እኔ ውኃው እስከ ወገቤ እየደረሰ ጭቃው ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ሁለት አስተባባሪዎች ሊሸከሙኝ መጡ፤ በፈረንሳይኛ አልፈልግም አልኳቸው። ተሸክመውኝ ከሚያወጡኝ መዳኼ ይሻለኛል ብዬ ነበር።

ያኔ እናቴን አየኋት። ሽቲዋን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ በሌላው እጇ እግሬን እንዳይረጥብ ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ፣ ያ ሁሉ ሰው እያያት ጭቃውን እየሰነጠቀች ትመጣለች። ሻርፑ ትከሻዋ ላይ ነው። አንዱ ነጠላ ጫማዋ ተውጦ ቀረ፤ ዞር ብላም አላየችው። አስተባባሪዎቹን በሶማሊኛ «ዞር በሉ» አለቻቸው፤ ዞር አሉ።

አጠገቤ ደርሳ ውኃው ውስጥ ቁጭ አለች። ሰው ሠራሹን ለእኔ አስያዘችኝና፣ ጉልበቴን ከውኃው በላይ አንሥታ በሻርፑ ታደርቀው ጀመር። ሆስፒታል ከነበርኩበት ጊዜ አንሥቶ የተቆረጠውን ቦታ በእጇ ነክታው አታውቅም ነበር። እጇ ጠባሳው ላይ ቆመ።

«ያምሻል?»

«አያመኝም፣ እማ።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

ካልሲውን ከውስጡ አውጥቼ ሳጠልቅ እግሩን መልሳ ይዛልኝ ቆየች። ከዚያ እግሩን አጥልቄ፣ ትከሻዋን ተደግፌ ተነሣሁ፤ ተያይዘን ወጣን። ጓደኛዬ ብስክሌቱን ይዛ፣ ሁለታችንንም ጭቃ ለብሰን ስታየን ውኃ አፈሰሰችብን።

ብስክሌቱ ላይ ነፋሱ ከፊት ነበር። ሩጫው ላይ ፀሐይዋ ከረረች፤ እየቆምኩ ላቤን እያፈሰስኩ ቀጠልኩ። ጓደኛዬ በመንገዱ ዳር እኩል እየሮጠች «አብሽሪ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ» ትለኛለች፤ ውሸቷን ነበር። መጨረሻው ላይ ስደርስ ከኋላዬ ገና ሰው መኖሩን አይቼ ገረመኝ። ከንፈሬ ጨው ጨው ይላል፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ምሳ የበላነው ሰፈራችን ያለው የዓሣ ቤት ነው። ዓሣው ለሁለት ተሰንጥቆ በምድጃ የተጠበሰ፣ ቂጣው ትኩስ። እናቴ በባዶ እግሯ ተቀምጣ የጠዋቱን ታሪክ ለባለቤቱ ትነግረዋለች። በእሷ አነጋገር ውኃው እስከ አንገቷ ነበር፤ ማዕበልም ነበር። ጓደኛዬ ልታርማት ስትል በክርኔ ጎሰም አደረግኳት።

«ለሚቀጥለው ግን» አለች እናቴ ወደ እኛ ዞራ፣ «የሚታሰር ጫማ ነው የማደርገው።»

ጓደኛዬ ሳቋን ለመደበቅ አጎነበሰች። እኔ ሌላ ቂጣ ጠየቅኩና መብላቴን ቀጠልኩ።