የእማማ ወለተ ኪዳን ፊት

መክሊትን ሰው "ሥራሽ ምንድን ነው?" ብሎ ሲጠይቃት "ሠርግ አነሳለሁ" ትላለች። እኔ ደሜ ይፈላል። "ኧረ በማርያም! ዘጋቢ ፊልም ሠሪ ነኝ አትይም?" ስላት፣ "ዋኘው፣ እሱን ስላቸው 'ታዲያ በየትኛው ቴሌቪዥን ነው የምትታዪ?' ይሉኛል፤ ሠርግ ስል ግን ስልኬን ይወስዳሉ" ብላ ትስቃለች። እውነቷን ነው። ጥርና ሚያዝያ ደብረ ማርቆስ ላይ ሙሽራ ስናሳድድ እንከርምና፣ በሌላው ወራት ያገኘነውን ሁሉ እሷ የምትወደው ፊልም ላይ እናፈሰዋለን። እኔ ካሜራ እይዛለሁ፤ እሷ ትጠይቃለች፣ ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች፣ ከእኔ ጋር ትጨቃጨቃለች።

ድሮ መሥሪያ ቤት ተቀጥራ ስብሰባ ትቀርጽ ነበር። አንድ ቀን የሚያንቀላፉ አለቃ ቀረጸችና "ቁረጪው" ተባለች። ቆረጠችው፤ በማግሥቱም ሥራዋን ለቀቀች። ያኔ ሁላችንም አበደች ብለን ነበር። የመጀመሪያ ፊልማችን ደብረ ኤልያስ ላይ የባሏ ወንድሞች መሬቷን ስለነጠቋት አንዲት መበለት ነበር። መሬቱን ያስመለሰላት ፍርድ ቤቱ እንጂ ፊልሙ አይደለም፤ ግን ፊልሙ በሰፈሩ ከታየ ወዲያ "አላየንም፣ አልሰማንም" ሲሉ የነበሩ ሽማግሌዎች ምስክር ሆነው ቆሙ። ሁለተኛው፣ ከሌላ አገር መጥታ ማርቆስ ስለምታስተምር ሙስሊም መምህርት ነበር። እሷ ዛሬም በዓል በመጣ ቁጥር ትጠራናለች።

ከዚያ መክሊት "ስለ ሸክላ ሠሪዎች እንሥራ" አለች። እኛ አገር ሸክላ ሠሪውንና ቀጥቃጩን ሰው "ቡዳ" ይለዋል፤ ዓይኑ ሰው ይበላል ይላል። ድስቱን ገዝቶ ወጥ ይሠራበታል፣ ልጁን ግን አይድርለትም። መክሊት ይህን ስታወራ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ሞኙ ጉንፋን መስሎኝ ዝንጅብል አፈላላት ነበር።

መንገዱ ሰላም በሆነ ሰሞን አምበር ሄድን። ከከተማው ወጣ ብላ ካለች ቤት ደጅ ስንደርስ፣ እስከ ክርናቸው ጭቃ የሆኑ እናት ብድግ አሉ። እንዳያቆሽሿት እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ አንገታቸውን ብቻ አስግገው መክሊትን አገላብጠው ሳሟት።

"እናቴ ናት" አለችኝ መክሊት፣ ፊቷን ሳታዞር።

አፌን በእጄ ያዝሁ። ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ስንሠራ "እናትሽስ?" ስላት "ገጠር ናት" ብቻ ነበር መልሷ። የስንቱን ሙሽራ እናት ስታነሳ የኖረች ልጅ የራሷን እናት አንድም ቀን አንስታ አታውቅም። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች የሚሉት ይኸው ነው።

የእናቷን፣ የእማማ ወለተ ኪዳንን ፊት ካሜራ ይወደዋል። ገንቦ ሲያለሰልሱ ምላሳቸውን ነከስ ያደርጋሉ፤ ሲስቁ ዓይናቸው ይጠፋል። እንደዚያ ጊዜ አድርጌ ቀርጬ አላውቅም። ታዲያ ማርቆስ ተመልሰን፣ መክሊት አቀናብራ የጨረሰችውን ከፍቼ ባይ የሁሉም ሰው ፊት ደብዝዟል! የእማማም ጭምር።

"ምን ነክቶሽ ነው?" አልኋት።

"ለደኅንነታቸው ነው። ሥልጠና ላይ ተምረን የለ? ተጋላጭ ሰዎችን ስትቀርጽ..."

"እናትሽን ነው ተጋላጭ የምትያት?"

ተኳረፍን። በመጨረሻ እሳቸው ይፍረዱ ተባብለን ላፕቶፑን ይዘን ወደ አምበር ተመለስን። እማማ ትንሽ አዩና፣ "ይህች ጭጋግ የለበሰች ማን ናት?" አሉ።

"አንቺ ነሽ፣ እማዬ።"

"ፊቴን ምን ነካው?"

"ሰው እንዳይለይሽ ብዬ ነው። ነገር እንዳያመጡብሽ።"

"ማን ነው የማይለየኝ? ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ መሀል ፊቴን ገልጬ አይደል የምሸጥ?" ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። "እኔ ሳልፍ የሰው እናት ሕፃኗን በነጠላ ትሸፍናለች። ዓይኔን ፈርታ ነው፤ ለምጄዋለሁ። አንቺ ግን፣ ልጄ፣ ዓይኔን ራሱን ሸፈንሽው።"

መክሊት አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። "ለአንቺ ብዬ አይደለም" አለች። "ልጅሽ መሆኔ ከታወቀ ሠርግ የሚጠራኝ ይጠፋል ብዬ ነው። 'ቡዳ አታንሳን' ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነው።"

እማማ አላባበሏትም። "ያንቺን እንጀራ እኔ አልዘጋብሽም፤ እናቷ ነኝም አልልም። ግን ካላሳየሽኝ ከነጭራሹ አውጪኝ። እንዲህ ሆኜስ አልቀመጥም" ብለው ወደ ጭቃቸው ተመለሱ።

መክሊት ፊታቸውን መለሰችው። የማን እናት እንደሆኑ ግን ፊልሙ አይናገርም ነበር።

ፊልሙን ማርቆስ አዳራሽ ውስጥ ባሳየንበት ቀን ግማሹ ታዳሚ የሠርግ ደንበኛችን ነበር። እማማ ነጭ ለብሰው ከኋላ ወንበር ተቀምጠዋል፤ መክሊትን እንደ ማንኛውም እንግዳ ጎንበስ ብለው ብቻ ነው ሰላም ያሏት። ፊልሙ አለቀ፤ ሰዉም አጨበጨበ። አንድ ወጣት መምህር ተነሣና፣ "እኚያን እናት ካሜራ ፊት እንዲያ በነፃነት እንዲያወሩ እንዴት አሳመንሻቸው?" ብሎ ጠየቀ።

መክሊት ማይኩን ይዛ ወደ ኋላ ወንበር አየች። እማማ በሩቁ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተይው ማለታቸው ነው።

"አላሳመንኋትም" አለች መክሊት። "እናቴ ናት። እኔም የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ።"

የልጃቸውን የጥር ሠርግ ልናነሳ የተዋዋልናቸው አንዲት ሴትዮ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ይውጡ እንግዲህ! ሌላው ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። እማማ ከኋላ ተነሥተው ቀስ እያሉ መጡ፤ ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። ማይኩን ከልጃቸው እጅ ተቀብለው ወደ መምህሩ ዞሩ።

"እሷ ምን ታሳምነኛለች፣ ልጄ? 'ነይ አንሺኝ' እያልሁ እሷን ያሳመንኋት እኔ ነኝ። ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ ባወቅህ!"