ስሟ ያልተመዘገበው ተናጋሪ

ያን ቀን ብጽፈው ኖሮ ወደዚያ ተራራ የሚወጣ ሰው ይገኝ ነበር? መልሱን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ጽፌ፣ አስፈርሜ፣ ማንም ዞሮ ያላየው ስንት ነገር አለ። ያልጻፍኩትስ?

ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሴት ሆኜ፣ ከሕፃናት ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ደንብ አይጥስም፤ ስሕተቱን የሚጠብቅ ዓይን ያለ ይመስለዋል። መዝገብ ቤት ስቀጠርም፣ በኋላ ቃለ ጉባኤ ስይዝም እንዲሁ ነበርኩ። ነጥብ የጎደለበት ገጽ ከእጄ አይወጣም። ቢሮ ውስጥ «በእሷ ወረቀት ላይ ዝንብ እንኳ ሳትፈርም አታርፍም» ይሉኝ ነበር። እኔ እንደ ምስጋና ነበር የምወስደው።

ስብሰባው የአባያን ሐይቅ ቁልቁል በሚያይ ሆቴል አዳራሽ ነበር። ከአዲስ አበባ፣ ከዩኒቨርሲቲና ከየወረዳው የመጡ ባለሙያዎች ለዘላቂና አስተማማኝ የኃይል አቅርቦት የሚሆን የፖሊሲ ሐሳብ እንዲያዋጡ ተጠርተዋል። የጫኖ ቀበሌን የሙዝ እርሻ በፀሐይ ኃይል ስለሚያጠጣ ፓምፕ፣ ደገኛው ከማገዶ ስለሚላቀቅበት መንገድ፣ መስመር ስላልደረሰባቸው ጤና ጣቢያዎች በየተራ ተነሣ። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ። በሁለተኛው ሰብሳቢው «አጀንዳችን ራሱ መጥቶ ተሳተፈ» አሉና አዳራሹ ሳቀ። አየሩ ግን ቆሞ ቀርቶ ነበር፤ ከአባያ በኩል ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ እንኳ አልመጣም።

ከሻይ በኋላ አንዲት ሴት እጇን አነሣች። ከደጋው፣ ከኦቾሎ ባሻገር ካለ ተራራማ ቀበሌ የመጣች አዋላጅ ነርስ ናት። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ስላልተመቸው በስልክ «አንቺ ሂጂ» ብሏት፣ የውክልና ደብዳቤ ሳትይዝ፣ ረፍዶባት ነበር የደረሰችው።

«የእኛ ባትሪዎች አብጠዋል» አለች። «የፀሐዩ። ክፍሉ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ስገባ ዓይኔን ያቃጥለኛል። ከግድግዳው ማዶ የሚተኙት ወላዶች ናቸው።»

ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ። «ሲስተር፣ እዚህ የምንነድፈው ፖሊሲ ነው። የባትሪ ጥገና ለኃላፊሽ ነው የሚነገረው።»

«ነግሬዋለሁ። ለዶክተሮቹ ንገሪ አለኝ።»

«ዶክተር ብንሆንም ባትሪ አናክምም» አለ ከኋላ አንዱ። ተሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ትንሽ ቆማ ጠበቀች፣ ከዚያ ተቀመጠች። መኪና እንዳያመልጣትም ቀድማ ወጣች።

ማምሻውን ረቂቁን ከተሰብሳቢዎች ዝርዝር ጋር ሳመሳክር ስሟን አጣሁት። የስም መፈረሚያው ወረቀት እሷ ሳትደርስ ጠዋት ተሰብስቦ ነበር። ስሙ ያልሰፈረ ሰው ንግግር ደግሞ ቃለ ጉባኤ ውስጥ አይገባም። ማንም አላዘዘኝም፤ ሰብሳቢውም አውጪው አላሉኝም። አራት መስመር በገዛ እጄ ሰረዝኩ። ገጹ ጸዳ፣ ተነበበ፣ ተፈረመበት።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ይከተለኝ ጀመር። ዝናቡ ገባ። ወደ ደጋ የሚያወጣው መንገድ ተቆረጠ ሲባል ሰማሁ። ባትሪዎቹን ሄዶ ያያቸው ይኖር ይሆን? እላለሁ፤ መጠየቅ ግን አልደፈርኩም። ብጠይቅ «አንቺ የት ሰማሽ?» መባል አለ። ቢሮ ውስጥ መጥፎ ሽታ በሸተተኝ ቁጥር ብዕሬን አስቀምጬ ግድግዳውን አይ ነበር።

አንድ ቀን ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ደብዳቤ ወደ እኔው ጠረጴዛ መጣ። የገቢ ቁጥር ልሰጠው ከፈትኩት። አዋላጇ የባትሪው ክፍል ሲጨስ አይታ በምጥ ላይ የነበረችውን እናት አስወጥታለች፤ ኃይሉን ልታቋርጥ ስትመለስ አንዱ ባትሪ ፈንድቶ አሲዱ ፊቷ ላይ ተረጨ። አንድ ዓይኗ አያይም። ቀጥሎ ያለውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፦ ባለሙያዋ የባትሪዎቹን ሁኔታ አስቀድማ ለሚመለከተው አካል አላሳወቀችም፤ በምክክር መድረኩ ቃለ ጉባኤም ላይ ጉዳዩ ስለመነሣቱ የሰፈረ ነገር የለም፤ ስለዚህ ቸልተኝነቷን የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቁሟል።

ከዓይኗ ሌላ እንጀራዋንም ልታጣ ነው። ማስረጃ የሆነባት የእኔ ንጹሕ ገጽ ነው።

ቁጥር ሰጠሁት። ፋይሉ ውስጥ አስገባሁት። ስምንት ቀን ከአጠገቡ ተቀምጬ ሠራሁ፤ ምሳዬንም እዚያው በላሁ።

በዘጠነኛው ቀን ፈቃድ ጠየቅሁ። ሲቀላ ሰፈር፣ እህቷ ቤት አርፋለች ብለውኝ ስለነበር ወደዚያው ሄድኩ። ግማሽ ፊቷ በፋሻ ተሸፍኗል።

«ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝ» አልኳት ገና ሳልቀመጥ። «ተናግረሻል። ጽፌውም ነበር። ስምሽ ዝርዝሩ ላይ ስለሌለ የሰረዝኩት እኔ ነኝ።»

በምታይበት ዓይኗ አየችኝ።

«የእንቁላሉን ሽታ ብያለሁ?»

«ብለሻል።»

«ስለ እናቶቹም?»

«ስለ እነሱም።»

«ኃላፊዬ ምንም አልነገርሽኝም ሲለኝ፣ እኔስ በልቤ ብቻ ብዬው ይሆን እያልኩ ስጸልይ ከረምኩ።» እህቷ ሻይ ይዛ ስትገባ በእጇ ከለከለቻት። «ተይው፣ አንቺ። ኮሚቴው ዛሬ ይቀመጣል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ፣ ለእኔ ያልሽኝን እዚያም ትይዋለሽ?»

«እላለሁ» አልኩ።

ነጠላዋን ፈለገች። በማታይበት በኩል ወድቆ ስለነበር እኔ አነሣሁላት።