የሄሮን ደሴት ካርታና ቅባታሙ ጣት

ያ ባለ ጎማ ቦት ጫማ ሰውዬ እሑድ እሑድ ከጸሎት በኋላ፣ የተጠበሰ ዓሣ በበላበት እጁ፣ ቀጥ ብሎ እኔ በማጸዳው የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ወደተሰቀለው ባለ መስታወት ካርታ ይሄዳል። የደሴታችን የወዲያኛው ጫፍ ሰው ስለነበር ስሙን አላውቅም። ባሕር የዋጣት ሄሮን ደሴታችን እዚያ ካርታ ላይ ገና ሙሉ ናት፤ ቤቶቻችን ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ናቸው።

«ኧረ አንተ ሰው፣ መስታወቱን ቅባት በቅባት አደረግህብኝ!» አልኩት ዛሬ ጨርቄን ይዤ። «ቤታችንን እንደሆነ ደሴቷ ሳትሰጥም ሁላችንም አፍርሰን በጀልባ ጭነን ወደዚህ አሻግረናል። አሁን ምን ቀረህ?»

«ቤቱንማ አመጣን፣ እማማ» አለ ጣቱን ከአንዷ ነጥብ ላይ ሳያነሳ። «ጓሮ የቀበርናት እናቴ ግን እዚያው ቀረች።»

እያጉረመረምኩ መስታወቱን ወለወልኩ። ጣቱ ያረፈባትን ቦታ ግን ዘለልኳት።