ከገጾቹ ጠርዝ የቆረጥኳቸው ክሮች

በምሠራበት የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፣ ከንባብ አዳራሹ ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። በሯ ላይ «የቆዩ ጽሑፎች» የሚል ወረቀት ተለጥፎባታል። እዚያ የተመደብኩት በተቀጠርኩ በሁለተኛው ወር ነው። ኃላፊዬ ስካነርና ኮምፒውተር አስረክቦኝ፣ «ክረምት ሳይገባ ሁሉም ዲጂታል ይሁን» አለኝ። «እሺ» አልኩ። «ሁሉም» ያለው ስንት እንደሆነ ለመጠየቅ አፍሬ ነበር።

አርባ አንድ ጥራዝ ነበር። ከእኛ በፊት እዚሁ ከተማ ከነበረ አንድ ማሠልጠኛ የወረስናቸው ናቸው። በስቴንስል የተባዙ የተማሪ መጽሔቶች፣ በታይፕ የተጻፉ የመምህራን ጥናቶች፣ በእጅ የተሳሉ ካርታዎች ሁሉ በየዓመቱ አንድ ላይ ተጠርዘዋል። ማውጫ የላቸውም። ስለ ዳባት ገበያ የተጻፈ ጥናት ሲያልቅ የእግር ኳስ ውጤት ይመጣል፣ ከዚያ ስለ ጭላዳ ዝንጀሮ ግጦሽ፣ ከዚያ ደግሞ ጨነቅ ከሚባለው የስሜን ተራራ ሰፈር ደርሰው የተመለሱ ተማሪዎች ስለ እግራቸው መላጥ የጻፉት ወግ። ብዙዎቹ ሌላ ቅጂ የላቸውም። ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ ጫፍ ጫፉ ሲነኩት ይረግፋል።

ክፍሏ ውስጥ ከእኔ ሌላ አንድ ሰው ነበሩ። ሁሉም መሪጌታ ይሏቸዋል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አድገው፣ መጽሐፍ መጠረዝና በቆዳ መደጎስም እዚያው ተምረው፣ ወጣት ሳሉ በማሠልጠኛው የጥራዝ ሠራተኛ ሆነው የገቡ ናቸው። ጥራዞቹን ሁሉ የሰፉት እሳቸው ናቸው። እኔ ስመጣ ጡረታ ለመውጣት አንድ ወር ቀርቷቸው ነበር። ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ፣ ወስፌያቸውን ይዘው፣ ቀኑን ሙሉ ሳይናገሩ ሊውሉ ይችላሉ። እኔም እንዲሁ ስለሆንኩ ተስማምተን ነበር። ሲቀልዱብኝ «ወይዘሪት ኮምፒውተር» ይሉኛል።

በመጀመሪያው ሳምንት የዘመድ ተዝካር ገጥሟቸው ወደ ዳባት ሄዱ። ብቻዬን ስሆን ሥራው ይሮጥልኛል። አንድ ነገር ግን አስቸገረኝ። በየጥራዙ የአንዳንዱ ገጽ የውጭ ጠርዝ ላይ አጫጭር ባለቀለም ክሮች ተሰፍተዋል። አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር፣ ጥቂት ነጭም አሉ። ስካነሩ መስታወት ላይ ሲተኙ ጥላ ይጥላሉ፤ ጽሑፉንም ይሸፍናሉ። የተቀደደ ገጽ የተጠገነበት ወይም ዕልባት መሰለኝ። በትንሽ መቀስ፣ ወረቀቱን ሳልጎዳ፣ ከሁሉም ጥራዝ አንድ በአንድ ቆርጬ አወጣኋቸው። አልጣልኳቸውም፤ በአንድ ፖስታ ከትቼ «ክሮች» ብዬ ጻፍኩበት። መሪጌታ ጥራዞቹን የሚያስቀምጡት አጋድመው፣ ጀርባቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር። እሱንም አስተካክዬ፣ ሁሉንም አቁሜ፣ በጀርባቸው ላይ ቁጥር ለጠፍኩ። ቅዳሜ ማታ በሩን ስቆልፍ ዞር ብዬ ሳየው ደስ አለኝ።

ሰኞ መሪጌታ ተመለሱ። ጋቢያቸውን ሳያወልቁ አንዲት የእጽዋት መምህርት ገባች።

«መሪጌታ፣ እንደ ወትሮው ላስቸግርዎ ነው። ገብስን ስለሚመታው አመዳይና ውርጭ ያለዎትን ሁሉ እፈልጋለሁ። ቡይት ራስ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ድሮ የትኛው ዘር ይችለው እንደነበር ይጠይቁኛል።»

«አረንጓዴና ሰማያዊ አንድ ላይ ያለበት» አሉ ለራሳቸው፤ እጃቸውን ወደ መደርደሪያው ዘረጉ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ወደ እኔ ዞሩ።

«ወይዘሪት ኮምፒውተር፣ መጻሕፍቱ ቆመዋል።»

«አዎ፣ መሪጌታ። ቦታ እንዳይፈጁ ብዬ ነው።»

«እኔ ደግሞ ስገባ ለእኔ የተነሡ መስሎኝ፣ በእግዜር ልላቸው ነበር።»

መምህርቷ ሳቀች። እሳቸው አንዱን ጥራዝ ስበው አውራ ጣታቸውን በጠርዙ ላይ ከላይ እስከ ታች አሳለፉ። ሁለተኛውን ሳቡ። ሦስተኛውን። ከዚያ ቀስ ብለው መለሱትና «ሌላ ቀን ይመለሱ፣ መምህርት» አሏት። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ያዩ ጀመር።

ያን ጊዜ ገባኝ። ማውጫ የላቸውም ያልኳቸው ጥራዞች ማውጫ ነበራቸው። እኔ ቆርጬ ፖስታ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

ያን ቀን ማታ ቤት ሄጄ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ሦስት ጊዜ እየደገምኩ ጻፍኩት። በማግስቱ ቀድሜያቸው ገብቼ ከፖስታው ጋር ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። መጥተው መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። እኔ ኮምፒውተሩን የማይ መስዬ ተቀመጥኩ።

«ሁለት ክንድ ርቀሽ ተቀምጠሽ ደብዳቤ ትልኪልኛለሽ?» አሉኝ።

«ይቅርታ፣ መሪጌታ። መናገር አቃተኝ።»

«ጽሕፈትሽስ መልካም ነው።» ፖስታውን መዳፋቸው ላይ ገለበጡት። ክሮቹ ተጠላልፈው አንድ ጉብታ ሆኑ። «እነዚህ እንግዲህ የሸሚዝ ቁልፍ ይሰፋባቸዋል።»

ከዚያ ነገሩን አስረዱኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የየበዓሉ ምንባብ ያለበት ገጽ ጠርዝ ላይ ክር ይሰፋል፤ አንባቢው መጽሐፉን ሳያገላብጥ በጣቱ ያገኘዋል። እሳቸውም እያንዳንዱን ጥናት እያነበቡ፣ ባለቤታቸው ቀሚስ ሲጠልፉ የሚተርፈውን ክር እየለመኑ፣ እንደዚያው ሰፉ። አረንጓዴ የእርሻ ነው። ሰማያዊ የውሃ፣ የዝናብና የብርድ። ቀይ የጤና፣ ቢጫ የትምህርት ቤት፣ ጥቁር የዋልያና የሌሎች አራዊት። ጥራዞቹ የተጋደሙት ጠርዛቸው ወደ ሰው እንዲያይ ነው። ማንም አላዘዛቸውም። «የሰፋሁትን ሳላውቀው ማስቀመጥ አልወድም» አሉ። ጥራዝ መስፋት ብቻ የሚጠበቅበት ሰው ያን ሁሉ ወረቀት አንብቦታል። በዩኒቨርሲቲ ቆይታዬ ሁሉ እንዲህ ያለ አንባቢ አላጋጠመኝም።

ቢያንስ ገጾቹ በደህና መቀመጣቸውን ላሳያቸው ፈልጌ ኮምፒውተሩን ወደ እሳቸው አዞርኩት።

«መልካም። ታዲያ አመዳዩ የቱ ጋ ነው?»

ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አወረድኩት። ፋይሎቹ ቁጥር ብቻ ነበራቸው። «ቁልፍ ቃላት» የሚለው ቦታ፣ ምን እንደምሞላበት ስላላወቅኩ፣ በሁሉም ላይ ባዶ ነበር። እሳቸው ከሦስት ሳምንት በኋላ ጡረታ ሲወጡ እዚህ ውስጥ ያለውን የሚያውቅ ሰው አይኖርም። ወረቀቱ ይረግፋል፤ እኔ የማኖረው ማንም ምንም የማያገኝበት ሥዕል ነው።

ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ አንዱን ገጽ አጎላሁት። እሳቸው ወደ ፊት ጎንበስ አሉ።

«ጠርዙ ላይ ያሉት ሁለት ነጥቦች ምንድን ናቸው?»

አየኋቸው። የአሸዋ ቅንጣት የሚያህሉ ሁለት ጥቁር ነጥቦች ናቸው። የቀጣዩን ወረቀት ምስል ከፈትኩ፤ የለም። ሌላውን፤ የለም። ከስምንት ገጽ በኋላ እንደገና ሁለት ነጥብ።

«መርፌዬ ናት» አሉ መሪጌታ። «እዚህም ገብታለች።»

ስካነሩ ባዶውን ኅዳግ ቆርጦ የመጣል ልማድ አለው። አንድ የገጽ ቁጥር ሲቆርጥብኝ አይቼ ያን ትእዛዝ በመጀመሪያው ቀን አጥፍቼው ነበር። ክሮቹን ያጠፋሁበት ጥንቃቄዬ ቀዳዳዎቹን አትርፎልኛል። ቦታው አልጠፋም ማለት ነው፤ የጠፋው ቀለሙ ነው። ቀለሙን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረን ሠራን። እኔ ነጥብ ያለበትን ገጽ ፈልጌ ሁለት ሦስት መስመር አነባለሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። አብዛኛውን ጊዜ ሳልጨርስ ያስቆሙኛል።

«አረንጓዴ ነው። ሰነፍ ቆሎ ስለሚባለው ገብስ የጻፈው ነው፤ ሦስት ገጽ አለፍ ብሎ ሰንጠረዥ አለው፤ ሁለተኛው ረድፍ ተሳስቷል።»

ሄጄ አየዋለሁ። ሰንጠረዡ አለ፤ ሁለተኛው ረድፍ ተሳስቷል።

እኔ ከጽሑፉ ላይ «የአየር ንብረት ተጽዕኖ» ብዬ ስሞላ፣ «አመዳይም በይበት» አሉኝ። «ገበሬ ተጽዕኖ ብሎ አይጠይቅሽም። የገበሬውም ልጅ ነገ እዚህ መጥቶ ይፈልግ ይሆናል።» ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ሁለት ዓይነት ቃል እንጽፍ ጀመር፤ አጥኚው የጻፈውንና ሰው የሚጠራበትን። ስለ መዝገብ አያያዝ ብዙ ኮርስ ወስጃለሁ፤ ይህን ያስተማረኝ ግን አልነበረም። መብራት ሲሄድ ጥራዙን እራሱን አውጥተን፣ ጠርዙን በጣት እየዳበስን ቀጠልን። መምህርቷም አብረን መሥራት በጀመርን በሁለተኛው ሳምንት መጥታ የገብሷን ጽሑፎች ወሰደች፤ ካሰበችው በላይ አገኘች።

የመጨረሻው ቀን አራት ጥራዝ ሲቀረን ደረሰ። ኃላፊያችን አጭር ንግግር አደረገ፤ ለስላሳና ዳቦ ቀረበ። መሪጌታ ዳቦውን በልተው ሲጨርሱ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ስልክ አለሽ አይደል? ደብዳቤ አትላኪብኝ» አሉኝ። በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ሄዱ፤ ከዚያ ወደ ዳባት።

ስልክ መደወል እፈራለሁ። ለኃላፊዬ እንኳን የምናገረውን አስቀድሜ ወረቀት ላይ ካልጻፍኩ አልደውልም። የመጀመሪያውን ቀን ቁጥራቸውን ሁለት ጊዜ ነክቼ ዘጋሁት። በሦስተኛው አነሡት። ሰላምታዬን ሳልጨርስ «አንብቢ» አሉኝ። አነበብኩ። «ጥቁር» አሉ። በየቀኑ አሥር ገጽ፣ አሥራ አምስት ገጽ እየተባባልን አራቱንም ጥራዝ ጨረስን።

በመጨረሻው ጥራዝ ውስጥ ያለው አንድ ገጽ ግን አስቸገረኝ። ጥናት አይደለም። አንድ ተማሪ ለመጽሔቱ የላከው አጭር ወግ ነው፤ ጠዋት ጉሙ ከገደሉ ሲነሣ ከመኝታ ቤቱ መስኮት እያየ የጻፈው። እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው።

«እሱ ነጭ ነው» አሉ።

«ነጭ የምንድን ነው፣ መሪጌታ?»

«የምንም አይደለም። ወድጄው ነው።»

ቁልፍ ቃሉን ባዶ ልተወው አሰብኩና እጄ እምቢ አለ። «ነጭ ክር» ብዬ ሞላሁት። ወደ ቀድሞዎቹ ጥራዞች ተመልሼ፣ «እሱን እለፊው» ብለውኝ የነበሩትን ሌሎች ስድስት ገጾችም ፈለግኳቸው፤ በእነሱም ላይ ያንኑ ጻፍኩ።

አሁን በቤተ መጻሕፍታችን ኮምፒውተር ላይ «ነጭ ክር» ብሎ የሚፈልግ ሰው ሰባት ገጽ ይመጣለታል። አንዱ የጉም ወግ ነው፤ አንዱ የበቅሎ ጫኝ ቃለ መጠይቅ፤ አንዱ ዋልያ ቆሞ ሲያይ በእርሳስ የተሳለ ሥዕል። አንዱን ከሌላው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ኃላፊዬ አይቶት «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እንደ ልማዴ ወረቀት ፍለጋ እጄን ልሰድ ነበር። ተውኩትና ወንበር ስቤለት፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ በቃሌ ነገርኩት።