ከጠርሙሱ ሥር የቀረው

ቂመኛ ነኝ። ጓደኞቼ «አንቺ እኮ አትረሺም» ሲሉኝ እኔን መስደባቸው ነው፤ እኔን ግን ደስ ይለኛል። አንድ ባለሆቴል ያደረገኝን መርሳት አልፈልግም።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው በአርሲ በኩል፣ ተራራ ላይ ያለ የወይን እርሻ ውስጥ ነው። ቦታው ብርድ ስለሆነ ፍሬው ቀስ ብሎ ይበስላል። ቀዩ ወይን ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላ ዓመታት ተጋድሞ ይቆያል፤ ሲቆይ ከሥሩ አተላ ያበጃል። «አተላው የዕድሜው ምልክት ነው» ይለኝ ነበር አባቴ። «ከመክፈትሽ በፊት አንድ ቀን ሙሉ አቁሚው። ስትቀጂም አትቸኩዪ።»

አዳማ አንድ ሆቴል አስተናጋጅ ሆኜ ስገባ ያን ወይን ያስመጣሁት እኔ ነኝ። ባለቤቱ ወደደውና ጥቂት ጠርሙስ ቤቱ አስቀመጠ። አንድ ቀን ለምሳ ትልልቅ እንግዶች መጡበት። ጠርሙሶቹን ከቤቱ በኮረኮንች መንገድ በባጃጅ አስመጣና ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ «ክፈቺ» አለኝ።

«ጋሼ፣ መንገድ ላይ ተንጧል፤ ዛሬ አይሆንም፤ ለነገ ይረፍ» አልኩት።

«ጠርሙስ ይደክመዋል እንዴ?» አለ። እንግዶቹ ሳቁ።

ከፈትኩት። ድፍርስ ብሎ ወረደ። አንዱ እንግዳ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየና ሳይቀምስ መልሶ አስቀመጠው። «አተላው የዕድሜው ምልክት ነው» ብዬ ላስረዳ ስጀምር ባለቤቱ አላስጨረሰኝም። «ዋናውን ከአባትሽ ጋር ጠጥታችሁ አተላውን ለኛ ሞላችሁ» አለኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሌባ ተብዬ በዚያው ቀን ከሥራ ወጣሁ።

ወሬ እግር አለው፤ ተራራው ላይ ደረሰ። በየበዓሉ አዳማ ወርዶ ዘመድ ይጠይቅ የነበረው አባቴ፣ ከዚያ ወዲያ አልወረደም። ለራሴ ያለቀስኩት አንድ ቀን ነው፤ ለሱ ግን እስካሁን ይቆጨኛል።

ዓመታት አለፉ፤ እኔም ላንጋኖ፣ ሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል የአስተናጋጆች ኃላፊ ሆንኩ። የአባቴን ወይን እዚያም አስገባሁ፤ ሁልጊዜ ሁለት ጠርሙስ አቁሜ አሳድራለሁ። አንድ እሁድ ለምሳ ያ የአዳማው ሰውዬ ከተፍ አለ። ልጁን ሊድር ነው፤ የሙሽራውን ወላጆች ይዞ መጥቷል። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «የተራራውን ወይን አምጪ» አለኝ፣ አዋቂ ለመምሰል።

ልቀዳለት ስል ብርጭቆውን በእጁ ከደነ። «እንግዶቼን አስቀድሚ» አለ።

እሺ ጌታዬ። ቀስ ብዬ ቀዳሁላቸው፤ ኩልል አለ። አተላው ወደ ጠርሙሱ አንገት ሲጠጋ ማቆም እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ አባቴ አስተምሮኛል። አላቆምኩም። የመጨረሻው ጠብታ ሳይቀር እሱ ብርጭቆ ውስጥ ገለበጥኩት።

የሙሽራው አባት አየና «የእርስዎ ምነው ደፈረሰ?» አሉት።

ያኔ ቀና ብሎ አየኝ። አወቀኝ። ቢቆጣ በአማቾቹ ፊት ራሱ ያዘዘውን ወይን ማዋረዱ ነው። «ግድ የለም፤ አተላው የዕድሜው ምልክት ነው» አለ። የአባቴን ቃል፣ አንዲት ፊደል ሳያጎድል።

«ከማን ሰሙት ጋሼ?» አልኩት። በአክብሮት ነው የጠየቅኩት።

ሁሉም ዞረው አዩት። «ከአንድ አዋቂ ገበሬ» አለ።

«እንግዲያው ይጠጡት።»

ጨልጦ እስኪጨርስ ከአጠገቡ አልተነቃነቅኩም። አተላው ጥርሱ ላይ ቀርቶ ነበር። አላዘንኩለትም፤ ዛሬም አላዝንለትም።

በማግስቱ ባዶውን ጠርሙስ ይዤ ተራራው ላይ ወጣሁ። አባቴ የወይን ሐረግ እየገረዘ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። ይስቃል ወይም ይቆጣኛል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን መቀሱን እንደያዘ «ለእንግዶቹስ? ጠራላቸው?» አለኝ።

«ጠራላቸው።»

«ጣማቸው?»

«ድገሚን አሉኝ።»

መቀሱን መሬት ላይ አስቀመጠና እጁን በሱሪው ጠረገ። «እንግዲህ ለገና አዳማ እወርዳለሁ» አለ።

«አብሬህ እወርዳለሁ» አልኩት። «የምናልፈውም በዚያ ሆቴል በር ነው።»